ዛጎል ጣይዋ

የቤቱን አማርኛ ኑስራ ከእናቷ አፍ ለቀመችው፤ የመጽሐፉን አማርኛ ግን ማንም አላስተማራትም። ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ፊደሉን ከስልኳ እያየች ራሷ ቆጥራ፣ ራሷ ገጥማ፣ ራሷ አንብባ ነው የያዘችው። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ቤት ሲያንቋሽሹበት እንደማይወድ ሁሉ እሷም አማርኛዋን የሚነካባት አትወድም። አብሯት ያደገ ልጅ ሆላንድኛ ቀላቅሎ «ፌርኸተን አደረግኩት እኮ» ሲላት፣ «ረሳሁት አትልም? አራት ፊደል ከብዶህ ነው?» ትለዋለች። አንዷ «አፕስፕራክ አለኝ» ካለች፣ «ቀጠሮ!» ብላ ትራም ውስጥ ሰው እስኪዞር ትጮህባታለች። እናቷ ሙሂባ «ይቺ ልጅ ሰው አትወድም፤ ቃል ነው የምትወደው» ትላለች።

ጉዱን ሁሉ ያፈላው ይኸው ኩራቷ ነው።

ኑስራ በሥራ ቀን ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ታሽጋለች። በዕረፍት ቀኗ ግን ስኼቬኒንገን ወደብ ነች፤ ማርሎስ የምትባል፣ ፊቷ በነፋስ የቀላ፣ ወሬ የማታበዛ ሆላንዳዊት ዘንድ። ማርሎስ በወደቡ ጥግ የምታረባው በሁለት ቅርፊት መሀል የሚኖር፣ እጅም እግርም የሌለው የባሕር ፍጥረት ነው። ሆላንዶች ኡስተር ይሉታል። ዱሮ የሰሜን ባሕር ወለል በዚህ ፍጥረት የተነጠፈ ነበር። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ኮረብታ ይሠራል፤ በኮረብታው ሥር ዓሣው ዕንቁላሉን ያኖራል፣ ሸርጣኑ ይሸሸጋል፣ ውሃውም በእነሱ ሆድ እያለፈ ይጠራል። ከዚያ ሰው መጣ። በብረት መረብ ግጦ ግጦ አወጣው፤ የተረፈውን በሽታ ጨረሰው። አሁን ታች ያለው ራቁቱን የቀረ አሸዋ ነው። የማርሎስ እርባታ ለሰሐን አይደለም፤ ለዚያ ራቁት አሸዋ ነው።

ግልገሉ ሲፈለፈል ከአቧራ አይበልጥም። ውሃው ሲሞቅ ጥቂት ቀን ይንሳፈፍና የሚይዘው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ካጣ ይሞታል፤ ካገኘ ይይዛል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይለቅም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የሞቱ ወገኖቹን ቅርፊት ነው። ስለዚህ ከሮተርዳምና ከአምስተርዳም ምግብ ቤቶች ባዶ ቅርፊት ይለቀማል፣ ዓመት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ይመታዋል፣ ከዚያ በመረብ ከረጢት ታጭቆ ልክ ውሃው ሲሞቅ ወደቡ ውስጥ ይንጠለጠላል። ከቸኮሉ ዝቃጭ ይለብሳል፤ ከዘገዩ ግልገሎቹ አልቀው ይጠብቃሉ።

በዚያ ሰኔ ማርሎስ ከተንሳፋፊው የእንጨት መረማመጃ አንዱን ክንድ በእጇ አሳየቻት።

«ይህ ያንቺ ይሁን» አለቻት። «ራስሽ አርቢበት። ግን በመጪው ቅዳሜ ከረጢት ከሚሰቀልበት አንድ መንጠቆ ባዶ እንዳይቀር። የጀልባ ክለቡ ቦታውን ይፈልገዋል፤ ባዶ ካዩት እንደገና እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።»

«ያንቺ» የምትለው ቃል ኑስራ ጆሮ ውስጥ ገብታ ቀረች። የሚኖሩበት ቤት የኪራይ፣ ሥራዋ የኮንትራት፣ ወንበሩ እንኳ ከጎረቤት የተረፈ ነው። በዚህ አገር ስትኖር አንድም ነገር «ያንቺ» ተብሎ አያውቅም።

«አንድ ትራም ሙሉ ሴት ይዤልሽ እመጣለሁ» አለች፣ ሳታስበው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የኛን ሴቶች አታውቂያቸውም።»

ማታውኑ የእናቷ ወዳጆች ባሉበት የሴቶች ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ለቀቀች። አሁን ቃሉ መጣ። ኡስተር ልትል? ሞታ ነው! ቀንድ አውጣም እንዳትል ቀንድ አውጣ ሌላ ነው። መዝገበ ቃላቷን አገላብጣ «ዛጎል» የሚለውን አገኘች፤ ወደደችው። ጉሮሮዋን ጠረገችና እንዲህ አለች፦

«አሰላሙ አለይኩም እናቶቼ፣ እኅቶቼ። እኔ የሙሂባ ልጅ ኑስራ፣ እንደምታውቁት ዛጎል እጥላለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ስኼቬኒንገን ወደብ ላይ በጋራ እንጥላለን። ምስጢር የለውም፤ ማንም መጥቶ መጣል ይችላል። መምጣት ላልቻለችም እኔ እጥልላታለሁ። ከያዘ ትልቅ በረከት ነው።»

ወትሮ አንዲት ሴት ካስነጠሰች ‹የርሐሙኪላህ› የሚጎርፍበት ግሩፕ ጭጭ አለ። አንዲት እንኳ ድምፅ የሰጠች የለችም። ኑስራ ግን ምን ብላ ተረጎመችው? በአማርኛዬ ተደምመው ነው አለች።

በማግሥቱ ከሰፈሩ ዳር በተከራየችው የአትክልት ቦታ ያሰጣችውን ቅርፊት ስታገላብጥ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ሴትዮ አጥሩ በር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ። ወለተሥላሴ ይባላሉ፤ አምስተርዳም ውስጥ አረጋውያን ሲጦሩ የኖሩ፣ አሁን ራሳቸው ለመጦር የተቃረቡ ናቸው። ወሬ እንደ ሰው ትራም አይጠብቅም፤ በአንድ ሌሊት ሃይማኖትም ከተማም ተሻግሮ እሳቸው ጆሮ ደርሷል።

«አንቺ ነሽ ዛጎል የምትጥይው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ» አለች ኑስራ ደረቷን ነፍታ።

«ውይ፣ ልጅ ነሽ እኮ! እኔ የጠበቅኩት ትልቅ ሴት ነበር። ከማን ወረስሽው? ከናት ወገን ነው?»

«ከማንም አልወረስኩም እትዬ። ራሴ ነኝ የተማርኩት።»

ሴትዮዋ አማተቡ። «ራሷ! እንዲህ ያለው ነው የሚበረታ።» ከዚያ የቅርፊቱን ክምር አዩና ዓይናቸው ፈጠጠ። «ያን ሁሉ ትጥይዋለሽ?»

«ሁሉንም።»

«እኔ የማውቀው በእፍኝ ሲጣል ነው።»

«በእፍኝማ ምን ሊረባ! ባሕር ነው እኮ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው፤ አገሩም ሌላ ነው» አሉና ተጠጓት። «ለእኔ ትጥይልኛለሽ?»

«ለምን አልጥልልዎትም? ቅዳሜ ይምጡ፤ አብረን እንጥላለን።»

«የኔ ነገር የዎኒንግ፣ የቤት ነው። ተመዝግቤ ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። የሰው ደባል ሆኜ ላልቅ ነው።»

ኑስራ ነገሩ አልደነቃትም። በዚህ አገር ሁለት አበሾች ተገናኝተው ስለ ዎኒንግ ሳያነሱ አይለያዩም። «እሱማ የሁላችንም ችግር ነው» አለች።

«ለመሆኑ መቼ ይታወቃል?»

«በመስከረም እናየዋለን። አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም።»

«እሰይ! ዋናው መያዙ ነው! ከያዝኩ ማን ያስለቅቀኛል!» እጃቸውን አጨበጨቡ። «ምን ይዤ ልምጣ? ዶሮ ነገር?»

«ዶሮ ምን ያደርጋል? ጓንት ይዘው ይምጡ።»

«ጓንት» አሉ ወለተሥላሴ፣ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጓንት!»

ኑስራ በጎ ሴት ናቸው፣ ትንሽ ብቸኝነቱ ነክቷቸው ነው ብላ ወደ ክምሯ ተመለሰች።

ያን ቀን ማምሻውን ሙሂባ ከስኪፖል ገባች። ስኪፖል የመንገደኞች ሽንት ቤት ነው የምታጸዳው። ቦርሳዋን ሳታወርድ በር ላይ ቆማ ልጇን አየቻት።

«ምንድን ነሽ አንቺ?»

«ምን ሆንሽ እማ?»

«የግሩፑ ጀናት በሥራ ቦታዬ፣ ሰው በቆመበት፣ ‹ልጅሽ ዛጎል ጣይ ሆነች አሉ፤ አላህ ይመልሳት› አለችኝ።»

«ነኝ እኮ።»

ቦርሳው ወደቀ። «ያ ረቢ! በአፏ!»

«እማ፣ ምኑ ነው የሚያስጮኸው? ዛጎል የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። አንብቤዋለሁ።»

«አንብቤዋለሁ ትላለች! ዛጎል የሚጥል ጠንቋይ ነው፣ አንቺ የመጽሐፍ ልጅ! ዛጎሏን ምንጣፍ ላይ በትና ‹ባልሽ ይመለሳል፣ ላምሽ ትጠፋለች› የምትለዋ! እኛ አገር ልጅ እንኳ ያውቀዋል!»

ለኑስራ የወለተሥላሴ ፊት ታያት። ዎኒንጉ። ዶሮው። ጓንቱ! ሳቋ አምልጧት ሶፋው ላይ ተንከባለለች። «ጓንት ይዘው ይምጡ አልኳቸው እኮ እማ! ጓንት!» እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል እናቷ አልሳቀችም። ሙሂባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«እሑድ በሚደገሰው ሠርግ ድስት እንዳልነካ ተነግሮኛል» አለች ቀስ ብላ። «የጠንቋይ እናት እጅ አይበላም አሉ።»

ከሄግ እስከ ሮተርዳም የሙሂባ ወጥ ያልቀረበበት ድግስ የለም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት የምታጸዳ ሴት፣ በእሑዱ ድግስ ላይ ማማሰያ ይዛ ስትቆም ንግሥት ነች። ያን ማማሰያ ነው የቀሟት። ኑስራ ከሶፋው ተነሣች።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ኡስተር ነው በያቸው። ምን አለበት ኡስተር ብትይ? ድሮውንስ ማን አማርኛ ለምኖሽ?»

ሐሙስ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት፣ ወገኖቻቸው በተከራዩት የሰፈር አዳራሽ ጉዳዩን ሊሰማ ሰው ተሰበሰበ። በመስኮቱ የፐርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ከፊት የተቀመጡት አባባ ሙሐመድሁሴን ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው አገሩን የረገጡ፣ ስንቱን ያጋቡ፣ ስንቱን ያስታረቁ፣ ቁጣ የማያውቁ ሽማግሌ። ኑስራ ቆማ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች፤ ግልገሉን፣ ቅርፊቱን፣ ራቁቱን አሸዋ። ቋንቋዋ ቢያሳስትም ማስረዳት ታውቅበታለች፤ ሰዉ ገባው። «ጓንት ይዘው ይምጡ» ላይ ስትደርስ አንዳንዱ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ጀናት ብቻ አልሳቀችም። «እሺ፣ ይሁን። ይበላል?»

«አይበላም። ለባሕሩ ነው።»

«ወይ ጉድ! የማይበላ ነገር የሚያረባ ማነው?»

«አንቺ ድመትሽን የምታሳድጊው ለዒድ ልታርጃት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ሙሐመድሁሴንም ሳቁና በመዳፋቸው ፂማቸውን ሸፈኑ። ኑስራ አለቀ ብላ ልትቀመጥ ስትል እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ገብቶናል። ጥፋት የለብሽም። ግን ስሙ ወጥቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በየከተማው ያለውን ሰው እየሰበሰብን ስለ ባሕር ልናስተምር አንችልም። ስለዚህ አንዲት ነገር ላስቸግርሽ። ‹ዛጎል መጣሉን ትቻለሁ፤ ተውበት አድርጌያለሁ› በይ፣ እዚሁ በሰው ፊት። የሰው አፍ ይዘጋል፣ እናትሽም ወደ ድስቷ ትመለሳለች። ቅዳሜም ሴቶቹን እኔው ራሴ አሰልፌ እልክልሻለሁ። ከዚያ ሥራሽን ኡስተር በይው፣ የፈለግሽውን በይው።»

ይኼው ነበር ዋጋው። አንዲት ቃል። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ መንጠቆው ይሞላል፣ ክንዱ የሷ ይሆናል። ሙሂባ ከኋላ የልጇን እጅጌ ጎተተች። «በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «በይና እንሂድ።»

ኑስራ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ጀናት ላይ ወደቀ፤ ጀናት እጇን አጣጥፋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ጆሮዋን አቅርባ ትጠብቃለች።

«አባባ፣ እርስዎ እኔ ጠንቋይ ነኝ ብለው ያምናሉ?»

«አስተግፊሩላህ፣ አላምንም።»

«እዚህ ውስጥ የሚያምን አለ?»

ሽማግሌው ዞረው አዳራሹን ቃኙ። «የለም» አሉ።

«ታዲያ ከምን ልመለስ?»

«ከወሬው ነዋ ልጄ።»

«ከወሬውማ ያወሩት ይመለሱ።»

«ኑስራ!» አለች እናቷ።

«ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያለ ነው» አሉ ሽማግሌው በትዕግሥት። «ጎርፍ ሲመጣ ሳር ይተኛል። ካለፈ በኋላ ይነሳል።»

«ያልተነሳም አለ አባባ። እናቴ ተኝታለች፤ ማን አነሳት?» ተናደደችና ጨመረች። «አስተግፊሩላህ ለአላህ እላለሁ፤ ጠዋትም ማታም። ለጀናት ግን አልልም! ቃሌንም አልቀይርም። ዛጎል ነው። እጥለዋለሁ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ስኼቬኒንገን ላይ እጥላለሁ፤ የፈለገ መጥቶ ይይ። የእናቴን ወጥ ያልበላ ደግሞ ከራሱ ሆድ ይጣላ።»

ወጣች። አዳራሹ ከኋላዋ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ።

በሜትሮ ተመለሱ። ሮተርዳም ሴንትራል ሊደርሱ ሲሉ ሙሂባ፣ «አንዲት ቃል ነበረች» አለች።

«እኔም ያለችኝ እሷው ናት» አለች ኑስራ።

አርብን ሁለቱም በኩርፊያ ዋሉ።

ቅዳሜ ፀሐዩ እንደ አገር ቤት ጥቅምት ሆኖ ወጣ። ቅርፊቱ በመረማመጃው ጥግ ተቆልሏል፣ ባዶ ከረጢቱ ተከምሯል፣ ማርሎስ ገመድ ትቆራርጣለች። የትራሙ ፌርማታ ከወደቡ ይታያል። አንድ ትራም መጣ፤ የባሕር ዳርቻ ልጆች ወረዱበት። ሌላ መጣ፤ ውሻ የያዘ ሰው ወረደ። ኑስራ ብቻዋን መሙላት ጀመረች። ቅርፊቱ ስለታም ነው፤ ጓንቱን አልፎ ይቆርጣል።

«ትራሙ ሙሉ ሴትስ?» አለች ማርሎስ።

«መንገድ ላይ ናቸው።»

ማርሎስ መንጠቆዎቹን አየች፣ እሷን አየች፣ ወደ ገመዷ ተመለሰች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከአንድ ትራም ሴቶች ተግተልትለው ወረዱ። ኑስራ ልቧ ዘለለ፤ ከዚያ መሪያቸውን አየች። የዝናብ ካፖርቱ ነው። ወለተሥላሴ አምስተርዳም ያሉ ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጥተዋል፤ ሁሉም ጓንት ለብሰዋል፣ አንዷ የሱፍ፣ አንዷ የብስክሌት፣ አንዷ ትኩስ መጥበሻ የሚያወጡበትን የምድጃ ጓንት። ከኋላ የምትመጣው በፌስታል የቀዘቀዘ የሱፐርማርኬት ዶሮ አንጠልጥላለች።

«አያስፈልግም ብላለች ብላትም እምቢ አለች» አሉ ወለተሥላሴ። «የሷ የቬርብላይፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ነው፤ ከበድ ይላል። በይ ጀምሪልን።»

ኑስራ ጓንቶቹን አየች። ይህ ሁሉ እጅ! ዝም ካለች ምሽት ሳይደርስ ክንዱ ይሞላል። ደግሞ አልዋሸችም እኮ፤ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። ሆላንዶችም ደስ ይላቸዋል፣ ባሕሩም ደስ ይለዋል፣ ሴቶቹም ተስፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ማንን ይጎዳል? እንዲህ እያለች ከረጢቱን ልታድላቸው እጇን ዘረጋችና ቆመች። ሐሙስ ለሽማግሌ ያልሸጠችውን ቃሏን ቅዳሜ ለጓንት ልትሸጥ ነው?

«እትዬ ወለተሥላሴ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ። ዛጎል ስል እናንተ የምታውቁትን ማለቴ አልነበረም፤ አላወቅኩም ነበር። እኔ ስለ ነገ አንድም የማውቀው ነገር የለኝም። ይህ የባሕር ፍጥረት ማርቢያ ነው። መስከረም ላይ የሚታየውም የሱ ግልገል ነው፤ የእናንተ ነገር አይደለም።»

ዶሮ የያዘችው ቀድማ ገባት። «ለዚህ ነው ከአምስተርዳም ድረስ ያንከራተትሽን? እርጉም!» ብላ ዞረች። ሌሎቹም ተያዩ፤ አንድ ሁለት እያሉ ጓንታቸውን አውልቀው ወደ ባሕሩ ዳር ተበታተኑ። ወለተሥላሴ ቆመው ቀሩ።

«ታዲያ ዎኒንጉስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሆኖ።

«እሱን ማዘጋጃ ቤቱ ይወቀው እትዬ።»

«ኸሜንተም አያውቀውም» አሉ። ወደ ጓደኞቻቸው ጀርባ አዩ፣ ወደ ቅርፊቱ ክምር አዩ፣ ወደ ጓንታቸው አዩ። ካፖርታቸውን አውልቀው የመረማመጃው ብረት ላይ ሰቀሉት። «ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቼማ እጄን አጣጥፌ አልመለስም። ደግሞ ሰው ቤት ሲያገኝ ማየት ምን ይከፋል፣ ግልገልም ቢሆን። የቱ ነው የሚሞላው?»

ሁለቱ አብረው ሞሉ። ወለተሥላሴ ትልቁን ቅርፊት ከትንሹ ሳይለዩ በጉልበት ያጭቁታል፤ ኑስራ «ቀስ እትዬ፣ ውሃ ይግባበት» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «አልጋዬን እንዲህ አድርጌ ነው የማነጥፈው» ይላሉ። ከረጢቱ ከመንጠቆው ተንጠልጥሎ ወደ አረንጓዴው ውሃ ሲወርድ በየጊዜው «ያዝ!» ይሉታል፣ ጥጃ እንደሚያባርር ሰው።

ቆይቶ ከኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። ኑስራ ዞር ስትል ሙሂባ ናት፤ ሽንት ቤት የምታጸዳበትን ቢጫ የላስቲክ ጓንት እስከ ክርኗ ስባዋለች።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለች፣ ሰላም ሳትል። «ድስት ከከለከሉኝ እጄ ምን ይሥራ?»

«እማ—»

«አታናግሪኝ። አሁንም ተናድጄብሻለሁ። ከረጢት አምጪ።»

ሙሂባ ስትሠራ ሌላ ሰው ነች። ለሠርግ ሽንኩርት እንደምታስከትፍ ወለተሥላሴን እዚህ፣ ኑስራን እዚያ አቆመች፤ አንዷ ትሞላለች፣ አንዷ ታስራለች፣ አንዷ ትሰቅላለች። አንዲት ቃል ለልጇ አትናገርም፤ እጇ ግን አያርፍም። ቀኑ እንደዚያ ነጎደ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ቅርፊቱ ገና አላለቀም፤ ከክንዱ ጫፍ በኩል ያሉት መንጠቆዎች ባዶአቸውን ያበራሉ።

በዚህ መሀል ነጭ ሱሪ የለበሰ ረዥም ሰው፣ መለኪያ ሜትር በእጁ፣ በመረማመጃው ላይ እየተንጎራደደ መጣ። የጀልባ ክለቡ ሰው ነው። ለማርሎስ እጁን አወዛወዘላት፣ ባዶዎቹን መንጠቆዎች በዓይኑ ቆጠረ፣ ፈገግ አለ። ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ከጫፉ ላይ ሊዘረጋ ሲል ኑስራ እጇ ውስጥ ያለውን ከረጢት አጥብቃ ያዘች። ምን ልትል ነው? ሕጉ ከሱ ጋር ነው፤ ማርሎስ ነግራታለች።

ሙሂባ ግን ሕጉን ማን ነግሯት? ቢጫ ጓንቷን እንዳጠለቀች መጥታ ከሰውዬው ሜትር ላይ ቆመች። ሆላንድኛዋ የሽንት ቤት በር ሆላንድኛ ነው፤ ስኪፖል ላይ መንገደኛ ሲጋፋት ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው አንዲት ቃል አለች። በሙሉ ሳንባዋ ለቀቀቻት።

«ቤዜት!»

ሰውዬው ቀና አለ። «ይቅርታ፣ ምን አሉ?»

«ቤዜት! ቤዜት!» አለች ሙሂባ፣ ባዶዎቹን መንጠቆዎች አንድ በአንድ በቢጫ ጣቷ እየነካች። እዚህ ሰው አለ፤ እዚህም ሰው አለ፤ እዚህም።

«ግን ባዶ ነው እኮ፤ ማን ነው የያዘው?»

ሙሂባ ከዚህ በኋላ ሆላንድኛ አልቀራትም። ወለተሥላሴ ግን ከኋላ ደረሱላት፤ ወገባቸውን ይዘው «ቤዜት!» አሉ፣ ዎኒንግ የጠበቁበትን ዘመን ሁሉ ድምፃቸው ውስጥ ከትተው። አንዲት እርግብ ከብረቱ ላይ ተነሥታ በረረች። ሰውዬው ወደ ማርሎስ ዞረ። ማርሎስ ገመዷን በጥርሷ ይዛ ባሕሩን ስታይ ነበር።

«እንደምትሰማው ነው» አለችው። «ተይዟል ይላሉ።»

«ሰኞ እመጣለሁ» አለ ሰውዬው፣ ሜትሩን ከሙሂባ ጫማ ሥር ቀስ አድርጎ እየሳበ።

«ና!» አለችው ኑስራ፤ በምን ቋንቋ እንዳለችው እሷም አላወቀችም።

እየሄደ ሲርቅ ቆማ አየችው። እናቷን ልታቅፋት ዞረች። ሙሂባ ግን በሁለቱ ቢጫ እጆቿ ባዶ ከረጢት ዘርግታ ትጠብቃታለች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለቻት። «ተይዟል ብዬ በሰው ፊት ጮኼያለሁ። ውሸታም እንዳታደርጊኝ። ሙይ!»